ቁራኛ፦ ጥሩ የምርመራ ትዕይንት በምን ይታወቃል?

ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ሲባል ታሞ የተኛ ሰው ነው የሚታየን። ቃሉ የመጣው ግን ከሙግት ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውሉ ነበር። ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አንዱ ከሌላው መራቅ አይችልም። ያሳሰረውም ከታሰረው እኩል ታስሯል፤ ውሃ ቢጠማው ባላጋራውን ይዞ ነው ወንዝ የሚወርደው።

ያ ቋጠሮ የሚናፍቀኝ ሰዎች የሚና ጨዋታ ሲጫወቱ ሳይ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን፣ ጠላቱን፣ መንገደኛውን ሁሉ ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በቃል ይጫወታሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ፈር ቀዳጁ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ› ነው። ሳይበርፐንክ የሚባለውን ዘውግ ደግሞ ማይክ ፖንድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያው ስም ባሳተመው ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ አወጣው። ኩባንያ መንግሥትን የዋጠበት፣ ባለገንዘብ ክንዱንና ዓይኑን በብረት የሚለውጥበት፣ ድሃ ግን ድሃ ሆኖ የቀረበት መጪ ዘመን ነው። ተኩስ ሞልቶታል። ሁለት ሰው በአንድ አምፖል ሥር የተፋጠጡበት ምርመራ ግን፣ በደንብ ከተሠራ፣ ከተኩሱ ሁሉ በላይ ይታወሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ሚዛኔን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ቦታው ጉለሌ ይሁን፤ ዘመኑ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ። ለሳይበርፐንክ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አላውቅም። ከላይ እንጦጦ ላይ የጠፈር ምርምር ጣቢያው አለ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን የላከችው ወደዚያ ነው። ከታች ሽሮ ሜዳ አለ፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ እጅ የሚያቀባብልበት፣ የሐበሻ ቀሚስ ከሱቅ ሱቅ የተሰቀለበት። በሁለቱ መሀል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ሳተላይትና መወርወሪያ በአንድ ዳገት ላይ ማለት ነው።

ታሪኩ ይህ ነው እንበል። ከእንጦጦው ጣቢያ ሌሊት ሌሊት መረጃ ይሰረቃል። ጣቢያውን የገዛው ኩባንያ የጠረጠረው አንድ የሽሮ ሜዳ ሽማግሌ ሸማኔ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የኩባንያው መርማሪ ነው፤ ሽማግሌውን አጫዋቹ ይጫወታል። መጥፎው ትዕይንት እንዲህ ይሄዳል፦

«የት ደበቅከው?»
«አላውቅም።»
«ተናገር ነው የምልህ!»
«አላውቅም አልኩ።»

ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አጫዋቹም «እሺ፣ መወርወሪያው ውስጥ ነው አለህ» ይላል። አለቀ።

የሌባሻይ ነገር

ይህን ስሰማ ሌባሻይ ትዝ ይለኛል። ንብረት ተሰርቆ ሌባው ሲሰወር፣ አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና በገመድ ተይዞ በሰፈሩ ይነዳ ነበር። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። የጠየቀው የለም፤ የመለሰም የለም። ዳይስ ብቻውን የፈረደበት ምርመራ እንደዚያ ልጅ ነው። የሆነ ቦታ ሄዶ ይወድቃል፤ እኛም እውነቱ ተገኘ ብለን እንሄዳለን።

ዳይሱ ይቅር አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ‹ሳይበርፐንክ ሬድ› ምርመራ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን የመንፈስ ጽናትና የምርመራ ችሎታ ነጥብ ደምሮ ባለ አሥር ጎን ዳይስ ይጥልበታል። ጥያቄው ዳይሱ ምኑን ይወስን ነው። ሮቢን ሎውስ የተባለው የጨዋታ ደራሲ ‹ገምሹ› በሚለው ሥርዓቱ ጥሩ መርሕ አስቀምጧል፦ ታሪኩ ያለሱ የማይራመድ ፍንጭ በዳይስ አይያዝም፤ በትክክለኛው ቦታ የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። እኔ ወደ ምርመራ ክፍል ስወስደው እንዲህ ይሆናል፦ እውነቱ ይወጣል፤ ዳይሱ ዋጋውን ይቁረጥ። ጥሩ ቁጥር ከወጣ ሽማግሌው በነጻ ይናገራል። ዝቅ ካለ መርማሪው ራሱ አንድ ነገር ሳይነግረው አፉን አይከፍትም። አጫዋቹ ዳይሱን ያነሣበትን ሰዓት ተመልከቱ። ለማምለጥ ነው ወይስ ቋጠሮውን ለማጥበቅ?

ማን ምን አስያዘ?

በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ ሙግት ዘመን ተሟጋች ባዶ እጁን አይቆምም። ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ «በማር!»፣ «በበቅሎ!»፣ «በፈረስ!» እያለ ያስይዛል፤ ወዲያ ያለው ይቀበላል። የተረታ ይከፍላል። እሰጥ አገባ የሚለው የሙግቱ ስም ራሱ ውርርድ ነው። የሚደንቀኝ ጠያቂውም አስያዥ መሆኑ ነው። ተናግሮ ያላስረዳ እንደሆነ በቅሎዋ ሄደች።

እኔ የትዕይንት ጥሩነት የምለካው መጀመሪያ በዚህ ነው። ሽማግሌው የሚያጣው ይታወቃል፤ ነጻነቱን፣ ምናልባት ሕይወቱን። መርማሪውስ? ብዙ አጫዋቾች ይህን ይዘሉታል። መርማሪው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ምንም ሳያስይዝ ይጠይቃል፤ ቢሳካለት ያገኛል፣ ባይሳካለት ወደ ሌላ ተጠርጣሪ ይሄዳል። ይህ ቢሮ ነው እንጂ ሙግት አይደለም።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። መርማሪው ያደገው እዚያው ሽሮ ሜዳ ነው። እናቱ ከእንጦጦ ጭራሮ እያወረደች ነው ያሳደገችው። ኩባንያው ውስጥ ይህን ማንም አያውቅም፤ የከተማው ሰው፣ የተማረ ቤት ልጅ ነኝ ብሎ ነው የገባው። ሽማግሌው ግን መልኩን አይቶ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለቱን ይጎትታል። መርማሪው ጠበቅ ካደረገ ሽማግሌው የእናቱን ስም ሊጠራ ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ካሜራም ይሰማል። ነጠላው ተቋጠረ።

አንተና እርስዎ

በአማርኛ የሚጫወት ሰው እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሌለው መሣሪያ በእጁ አለ፤ አብዛኛው ግን ሳይጠቀምበት ያድራል። በመጥፎው ትዕይንት መርማሪው ከመጀመሪያው ቃል «ደበቅከው» አለ። ያለውን ጥይት በሩ ላይ ጨረሰ።

ጥሩው መርማሪ «አባባ፣ ይቀመጡ። ብርድ ነው፤ ሻይ ይምጣልዎ?» ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌውም ለሹም እንደሚነገረው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ፤ እርስዎ ይጠጡ» ይላል። ሁለቱም በአክብሮት ሥር ይሸፋፈናሉ። ጥያቄዎቹ ከትንሽ ይጀምራሉ፤ ሱቁ መቼ ይከፈታል፣ ጥጡን ከማን ይገዛሉ፣ ማታ መብራት እስከ ስንት ሰዓት ይበራል። ሃያ ደቂቃ ከሄደ በኋላ መርማሪው «ትዋሸኛለህ» ቢል፣ ያቺ አንዲት «ህ» ከጥፊ ትከብዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ናት የምታገለግለው።

የሽማግሌው መልስ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ቀና ብሎ ያየዋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ አንተ እኮ እዚህ ጉልበቴ ላይ ነው ያደግከው» ይለዋል። የመርማሪው «አንተ» ንቀት ነበር፤ የሽማግሌው «አንተ» ዝምድና ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተሸነፈው ግን ጠያቂው ነው። አጫዋች ይህን ሲያደርግ ካያችሁ ዳይሱ የት እንዳለ አትጠይቁ።

ማሽኑ የማይይዘው ውሸት

ሳይበርፐንክ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ‹ብሌድ ራነር› ፊልም መርማሪው እየጠየቀ መሣሪያው የተጠያቂውን የዓይን ብሌን ያነባል። በጨዋታውም ያው ነው፤ ልብ ምት የሚቆጥር፣ ላብ የሚለካ፣ ትዝታ የሚገለብጥ ዕቃ ይመጣል። ደካማ አጫዋች ማሽኑን ይፈራዋል። ወይ ተበላሽቷል ይላል፣ ወይ ሁሉን ነገር ይናገርለትና ምርመራው ያበቃል።

ማሽኑ ውሸትን ከያዘ ለተጠያቂ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ እውነት እየተናገሩ መሰወር። ለዚህ ደግሞ እኛ አገር ረጅም ልምድ አለን። ሰምና ወርቅ ይሉታል። ሽማግሌው ማሽኑ ተገጥሞለት ሌሊት ምን ይሠሩ ነበር ሲባል፣ «ድር ሳደራ ነው ያደርኩት፣ ጌታዬ» ይላል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሸማኔ ነው፤ ድር ያደራል። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ ግን ድረ ገጽ በምንልበት ድር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሳተላይቱ እስከ ሰፈሩ ድረስ መረብ ሲዘረጋ አድሯል። አልዋሸም፤ ማሽኑም አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ የምመዝነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ወርቁን በራሱ ጆሮ መያዙን። አጫዋቹ ቸኩሎ ከፈታው ቅኔው ተራ ወሬ ሆነ። ሁለተኛ፣ አጫዋቹ ቀድሞ መዝራቱን። ጀስቲን አሌክሳንደር የሚባል የጨዋታ ጸሐፊ ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለሚፈለግ ለእያንዳንዱ ድምዳሜ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ይቀመጥ ይላል። ሽማግሌው ምርመራው ሳይደርስ በፊት ገበያ ላይ «የኔ ድር አይበጠስም» ብሎ ካልፎከረ፣ ከነጠላው ጥለት መሀል የብረት ክር ካልታየ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የሱ ቤት ብቻ ካልበራ፣ ቅኔው ወጥመድ እንጂ ጥበብ አይሆንም።

ተጠርጣሪው ብዙ ከሆነ አውጫጭኝን አስቡ። የአገሩ ሰው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም። እዚያ መርማሪው ሰዓቱ ነው። ከብት የሚጠብቀው፣ ሕፃን ያስቀመጠችው፣ ዝናብ የመጣበት ሁሉ ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። አጫዋቹ ዝም ብሎ የሚመሸውን ምሽት ብቻ ቢናገር ይበቃዋል።

የማይታለፈው መስመር

ብዙ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋች ጥያቄ ሲያልቅበት ማሠቃየት ይጀምራል። እንደ ሥራ ስመዝነው ይህ ስንፍና ነው። የሚሠቃይ ሰው ማቆሚያ የሚሆነውን ማንኛውንም ነገር ይናገራል፤ ውርርድም የለም፣ ቅኔም የለም፣ ነጠላውም ተፈታ። አንዱ ወገን ብቻ ታስሯል።

ከሥራው በላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠረጴዛ የከበበ ሰው አባቱ ወይም አያቱ በቀይ ሽብር ጊዜ ተይዘው ይሆናል። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ገና ትናንት። «ወፌ ላላ» የሚለውን የማሠቃያ ስም ሰምተው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ለምን እንደሚያዞሩ አይጠየቁም። ስለዚህ ጥሩ አጫዋች ዳይሱን ሳያወጣ ተጫዋቾቹን ይጠይቃል፤ ምን እንዲነሣ አትፈልጉም? ጆን ስታቭሮፖሎስ ያመጣት ዘዴም አለች፤ ጠረጴዛው መሀል ኤክስ የተጻፈባት ካርድ ትቀመጣለች፣ የከበደው ሰው ይነካታል፣ ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይታለፋል። ይህን ያየ አንዳንዱ «ጨዋታውን ያለሰልሳል» ይላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። መስመሩ ከታወቀ በኋላ ነው ሰው በሙሉ ልቡ የሚጫወተው።

በመጨረሻ የምሰጠው ፍርድ ግን በዚያው ምሽት አይደለም። ትዕይንቱ ሲያልቅ ማጨብጨብ ቀላል ነው። እኔ የሚቀጥለውን ጨዋታ እጠብቃለሁ፤ ከሳምንት በኋላ፣ ታሪኩ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ ስለ ሽማግሌው ማንም ሳያነሣ። መርማሪው ከዳገቱ ሲወርድ በሽሮ ሜዳ በኩል ማለፍ ትቶ በአዲሱ ገበያ የሚዞር ከሆነ፣ ጥሩ ነበር እላለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ ድንገት አጫዋቹን ያቋርጠውና «ነጠላ ስንት ነው?» ይላል። አንድ ይገዛል፤ ጠቅልሎም ለእናቱ ይልካል።