የካርቱም ኸሪፍ በካሜራ ዓይን

መፀው በፎቶግራፍ ይታይ ሲባል ቶሎ ወደ አሳብ የሚመጣው ቀይና ወርቃማ ቅጠል የተነጠፈበት የመናፈሻ መንገድ ነው። ምስሉ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ቢሆንም፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያና በኮምፒውተር ላይ ተደጋግሞ ስለታየ የዓለም ሁሉ መስሏል። በካርቱም ይህንኑ ሊያነሣ በጥቅምት የወጣ ሰው ግን ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይም አንዲት የደረቀች ቅጠል በቅርብ አንሥቶ ቀለሟን በኮምፒውተር ያቀላታል። የብዙ የወቅት ፎቶግራፎች ድክመት የሚጀምረው ከዚህ የተውሶ ዓይን ነው።

ቃሉ ራሱ ሊያስጠነቅቅ ይገባ ነበር። «ኸሪፍ» በዐረብኛ መፀው ማለት ነው፤ ሱዳናዊ ግን ኸሪፍ ሲል የዝናሙን ወራት ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው አበባ የሚፈነዳበት፣ እህል የሚያሽትበት እንጂ ዛፍ የሚራቆትበት ጊዜ አይደለም። በሁለቱም አገር ወቅቱ ከቅጠል መርገፍ ይልቅ በውኃ ይታወቃል።

ለዚህ ከሱኑት ደን የተሻለ ምስክር አልነበረም። ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ ከሙግረን አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር የሚገኘው ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1939 ጥብቅ ደን ተብሎ ተከልሏል። ስሙን ያገኘው ከግራር ወገን ከሆነው ከሱኑት ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ክረምት አፈሩን ይዞ ሲደርስ ጥቁር ዓባይ ይደፈርሳል፤ ሙላቱም የነጭ ዓባይን መንገድ ስለሚዘጋበት ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ደኑ ውስጥ ይገባል። ዛፎቹ ለሳምንታት በውኃ ቆመው ይሰነብታሉ። ውኃው ሲሸሽ በግንዶቹ ላይ የጭቃ መቀነት፣ በመሬቱ ላይ የተሰነጣጠቀ ደለል ይቀራል፤ ከሰሜን የሚፈልሱ ወፎችም ይደርሳሉ። የካርቱም መፀው ይህ ነው።

ታዲያ ይህን ለማሳየት አንድ ያማረ ፎቶግራፍ አይበቃም። ከድልድይ ላይ የሚነሣው፣ ሁለቱ ወንዞች በቀለም ተለይተው ሲፈስሱ የሚያሳየው የታወቀ ምስል ውብ ነው፤ ነገር ግን ወሩን ስለማይናገር ከወቅት ምስክርነት ይልቅ የፖስታ ካርድ ይሆናል። ያንኑ ግንድ ከዚያው ቦታ በሰኔ፣ በነሐሴና በጥቅምት ያነሣ ሰው፣ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተራ ቢመስሉም፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንዙ ምን ያህል እንደወጣና እንደወረደ ያስነብባል። ካሜራው በራሱ የሚያደርገው የቀለም እርማትም ሊጠረጠር ይገባዋል፤ አቧራ ያጠየመውን ብርሃንና ቡናማውን ውኃ «ሲያጠራ» የወቅቱን ዋና ቀለም ያጠፋልና።

ከተማዋ ለዚህ ዓይነቱ አስተያየት እንግዳ አልነበረችም። አላ ኸይር ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የሱዳን ፎቶግራፈሮች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ተቋቁሞ፣ ከጎተ ተቋም ጋር ያዘጋጀውን የፎቶግራፍ ሳምንት በሙግረን ስም ጠርቶታል። ቡድኑ ለሳምንቱ ስም ሲፈልግ የወንዞቹን መገናኛ መምረጡ ብቻ እንኳ ከተማዋ በምን እንደምትታወቅ ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ግን የሱኑት ዛፎች ተጨፍጭፈው ደኑ የጉቶ ሜዳ ሆኗል። ወንዙም እንደ ቀድሞው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብዙውን ደለል ከኋላው ስለሚያስቀር፣ የሚመጣው ኸሪፍ የትናንቱን ቀለም ላይዝ ይችላል። ስለዚህ በፊት የተነሡት ሥዕሎች ዋጋቸው ተለውጧል። ዛሬ ጉቶውን ብቻ የሚያነሣ ሰው ጥፋቱን ያሳያል፤ ምን እንደጠፋ የሚያሳየው ግን ዓርብ ዓርብ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ሻይ የሚጠጣበትን ጥላ፣ ከኋላውም እስከ ወገባቸው ውኃ የዋጣቸውን ዛፎች ያስቀረው የትናንቱ ተራ ፎቶግራፍ ነው።

ካርቱምን ለቅቀው በየአገሩ በተበተኑት ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን እጅ እንዲህ ያለ ሥዕል ዛሬም ይገኛል። በጀርባው ቀኑና ቦታው ቢጻፍበት፣ የትኛው ወር፣ የትኛው ዳርቻ እንደሆነ ቢታወቅ፣ ለትዝታ የተቀመጠው ለከተማዋ ታሪክም ይተርፋል።