ፍርሃት የቀትር ሥራ ነው

በቅርቡ ከባቱ የመጣ አንድ ወጣት አዳማ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ቡናው እንኳ ሳይቀዳለት ስልኩን አውጥቶ ጭምብል ያሳየኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ለፋሲካ ባዛር የፍርሃት ቤት ልከፍት ነው። የትኛው ይሻለኛል?» አንዱ ጭምብል ዓይኑ የፈጠጠ፣ ሌላው ግንባሩ የተተረተረ፣ ሦስተኛው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ የተበላሸ ነበር። ሦስተኛውን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ከወንጂ እስከ ዝዋይ ድረስ በውኃው ፍሎራይድ የተነሣ ስንቶቻችን ቡናማ ጥርስ ይዘን እንዳደግን ያ ጭምብል ሠሪ የሰማ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሰው እኛ ዘንድ አጎት ነው፤ ሠርግ ላይ ቀልድ የሚያወራው እሱ ነው። ማን ይፈራዋል?

ስለ ጭምብሉ አልመለስኩለትም። «በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?» አልኩት።

ግር አለው። «ማታ ነዋ ጋሼ። ከ1 ሰዓት በኋላ።»

ይህን የምጽፈው ለዚያ «ማታ ነዋ» ነው። ሸራ ስለ መወጠር፣ ትኬት ስለ መቁረጥ፣ ፈቃድ ስለ ማውጣት ሥራው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልነካውም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ሰልችቷቸዋል፣ እናንተም ስሙኝ። የፍርሃት ቤት በቀትር ነው የሚከፈተው። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የአዳማ አስፋልት ሲንቀለቀል፣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ጥላ ሲፈልጉ።

ምክንያቱ ዓይን ነው። ከደማቅ ብርሃን ድንገት ጨለማ የገባ ዓይን ማየት የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት በ10 ደቂቃ ገደማ የሚችሉትን ያህል ይለምዳሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ግን ሙሉ በሙሉ እስኪነቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። አዳማ ያለው የእኔ የፍርሃት ቤት ከመግቢያው እስከ መውጫው 4 ደቂቃ ነው። በቀትር የገባ ሰው ሳያይ ገብቶ ሳያይ ይወጣል። ማታ የሚመጣው ግን ከባጃጅ ወርዶ፣ መብራቱ ግማሹ በጠፋበት መንገድ ተራምዶ፣ ዓይኑን አስለምዶ ነው የሚደርሰው። ገና ሲገባ ኮምፔንሳቶውን ያያል፣ ሚስማሩን ያያል፣ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያለውን የተዋናዩን ሸራ ጫማ ያያል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ብትጮኹበት ይስቅባችኋል።

ስለዚህ የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው። ሰው የሚሰለፍበትን ግቢ ግድግዳ በኖራ ነጭ አድርጌ አስቀባለሁ፤ ጥላ የሚባል ነገር አላስቀርም። «ኧረ ዳስ ጣሉልን!» ብሎ የማይቆጣኝ የለም። ውኃ እሰጣለሁ፣ ሰልፉን አሳጥራለሁ፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ አላስገባም፤ ዳስ ግን አልጥልም። ኖራውን እያየ የቆመ ሰው ብሌኑ ጠብቦ፣ በላብ ተጠምቆ የመግቢያውን ሁለተኛ መጋረጃ ሲያልፍ የሚገባበትን ጨለማ በመብራት የምሠራበት መንገድ የለኝም።

ሠራተኞቼ ደግሞ ከእሱ ቀድመው ከአንድ ሰዓት በላይ ውስጥ ቆይተዋል፤ እሱ እጁን ማየት ሲያቅተው እነሱ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆጥራሉ። ለዚህ ነው ውስጥ ስልክ የከፈተ ልጅ ያን ቀን የማይሠራው። አንዴ ስክሪን ያየ ዓይን ያጠራቀመውን ሁሉ ያጣል። ብርሃን የግድ ካስፈለገ ጠቆር ያለ ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ባትሪ አለ፤ በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት ለእንዲህ ያለው ቀይ እምብዛም ግድ የላቸውም።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የድሮ ሲኒማ ሰዉ «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጥላ የሰይጣን ሥራ መስሎት ነው ይባላል። ይሁን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ በሩ ነው። ከዚያ ፀሐይ ተነሥቶ፣ በነጭ ጋቢ ከተሞላ መንገድ ወጥቶ፣ መስኮቱ የተደፈነ አዳራሽ ውስጥ እግሩን ያስገባ ሰው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ግማሹን ፈርቶ ጨርሷል ባይ ነኝ።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የፊልም ሜካፕ ሠሪ ነው፣ በእጁ ሥራ አልጣላውም። ፍርሃት በዓይን ነው የሚገባው ይላል፤ ቁስል፣ ደም፣ ጭምብል፣ ሞተር መጋዝ። ከእሱ ጋር ተገናኝተን ያልተጨቃጨቅንበት ጊዜ የለም። አንድ የበዓል ሰሞን ቢሾፍቱ ላይ መጋዙን ሲያስነሣ ቆሜ አየሁ። የገቡት ልጆች መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ አንዱ «ቻይና ነው ጃፓን?» ብሎ የመጋዙን ዓይነት ጠየቀ። ዓይን እንዲህ ነው፤ ጊዜ ካገኘ ዋጋ ይጠይቃል።

ይኸው ወዳጄ የፔፐርን መንፈስም ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ፔፐር የተባለ የሳይንስ መምህር መድረክ ላይ አሳይቶ ስሙ የቀረበት ብልሃት ነው። አንድ ትልቅ መስታወት በ45 ዲግሪ አጋድሞ ያቆማል፤ ከተመልካች የተደበቀ ሰው ላይ መብራት ሲያበራበት ምስሉ መስታወቱ ላይ ይወድቅና በአየር ላይ የቆመ መንፈስ ይመስላል። ያማረ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን የተፈጠረው ለለንደን ነው። አዳማ ዙሪያ ኮረብታው ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ለምን እንደ ተተከለ እዚህ የኖረ ያውቃል፤ ያ ንፋስ አቧራውን ይዞ በየስንጥቁ ይገባል። ጠዋት የተወለወለ መስታወት ከሰዓት በኋላ ጣት ይጽፍበታል። መንፈሱም ይመጣል፣ መስታወቱም አብሮ ይታያል።

እኔ የምጠቀምበት እንስራ ነው። የመጀመሪያው መተላለፊያ ባዶ ነው፤ ምንም የለበትም፣ ድምፅም የለም። ሰው ሲታወር እጁን ግድግዳ ላይ ያደርጋል። ግድግዳው በጆንያ የተሸፈነ ነው፤ ደረቅ፣ ሻካራ፣ የሞቀ። እጁ ጆንያውን አምኖ ጥቂት ከሄደ በኋላ ድንገት እርጥብ፣ ልስልስና ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፋል። ውኃ የተሞላ ያልተቀባ የሸክላ እንስራ ነው፤ ውኃው በገላው እየወጣ ስለሚተን በዚያ ሙቀት መሀል ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ የሚወጣውን ድምፅ መጋዝ አስነሥቶ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ። ማታ ላይ ሞክሩት፤ አየሩ ቀዝቅዟልና እንስራው እንስራ ነው።

ድምፁንም ቀትር ነው የሚሠራልኝ። ቤቴ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ደመና ፀሐይን ሸፍኖ ሲለቃት ቆርቆሮው ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፣ ሚስማሩ ላይ ይንቋቋል። አንዴ ከራስጌ፣ አንዴ ከጀርባ፣ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። የጅብ ጩኸት ቀድቼ በስፒከር እንድለቅ ስንቱ መክሮኛል። ከስፒከር የሚወጣ ጅብ ቆሞ የሚጮህ ጅብ ነው፤ እኛ አገር ጅብ ቆሞ እንደማይጮህ፣ አንዱ ወራቤሳ ሌላው ጅብ ብሎ የሚጠራው ያ ፍጥረት አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እንደሚሰማ ሕፃን ያውቃል። ተዋናዮቼ ቃል አይናገሩም፣ ሰው አይነኩም። አንድ ቃል ከተናገርክ፣ በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ፣ ሰው ሆንክ፤ ሰው ከሆንክ ደግሞ ልጁ «እንዴት ነህ?» ይልሃል።

የማላስገባው ነገር ብዙ ነው። ዛር አልጫወትም፤ የሰው ሕመምና የሰው እምነት ነው። ቡዳ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም፤ በዚህ ስም ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከጎረቤት ተገልሎ ኖሯል፣ ያውም እንስራዎቼን የምገዛው ከነሱ ነው። መስቀልም ሌላም የሃይማኖት ምልክት የለም። የተኩስ ድምፅ የለም፤ ምክንያቱን ማንም አይጠይቀኝም። ወለሉ ከእግር ሥር እንዲንቀጠቀጥ የሚያደርግ ሳንቃ ነበረኝ፣ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬት ሲርድ፣ ሰው ቀዬውን ለቆ ሲወጣ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሳንቃውን ነቅዬ ለማገዶ ሰጠሁት። ሌሊት ልጁን አቅፎ ከቤት የወጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያንኑ እንዲያገኝ አልፈልግም።

ስለ እሳት ግን ማንም ዝም ሊል አይገባም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1984 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ያቆመው የፍርሃት ቤት ተቃጥሎ 8 ወጣቶች ሞተዋል። የተባለው አንድ ልጅ መንገዱ ጨልሞበት ላይተር ለኮሰ፣ ግድግዳው ላይ የተለበጠው ስፖንጅ ተያያዘ ነው። ይህን ለምን እንደማነሣ ገባችሁ? የታወረ ሰው ብርሃን ይለኩሳል። የእኔ ቤት ከሁሉም በላይ ሰው ያሳውራልና ላይተርና ክብሪት በር ላይ ይቀራል፤ ስፖንጅ የለም፤ ጆንያው በየጥቂት እርምጃው በአንድ ገመድ ተይዟል። ገመዱ ሲሳብ ጆንያው ይወድቅና መውጫው ወለል ይላል፣ የቀትር ፀሐይም ቤቱን ይሞላዋል። ማታ የሚሠራው ወዳጄ መብራት ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው «ጄኔሬተር አለ» ብሎኛል። ፀሐይ ጄኔሬተር አያስፈልጋትም።

ይህን ሁሉ ከየት ተማርከው ለሚሉኝ፣ መብራቱን አማተር ቴአትር ቤት መሰላል ላይ ነው የተማርኩት። ፍርሃቱን ግን ከእናቴ ነው። ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ሆላንዶቹ በ1946 ዓ.ም. ያቋቋሙት ስኳር ፋብሪካ ካምፕ ውስጥ፣ ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል ጥቁር ብናኝ የታጠበ ልብስ ላይ በሚያርፍበት ሰፈር። ከአዋሽ የሚመጣው ውኃ በየማሳው ቦይ ይሄዳል። ለእኛ ለልጆች ቀትር ላይ ከዚያ ቦይ የሚሻል ነገር አልነበረም። የእናቴም ሕግ አንድ ነበር፦ በቀትር ቦይ አይወረድም፣ የቀትር ጋኔን አለ። ይህን እሷ አልፈጠረችውም። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት 90ኛው መዝሙር የቀትር ጋኔን ተጠርቷል፤ ሌላውም ሰፈር በየራሱ ቋንቋ የሚለው ነበረው።

የእሷ ጥበብ አለመግለጿ ነበር። ቀንድ አልሰጠችውም፣ ጥርስ አልሰጠችውም። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች ሳለ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት። ቀና ሳትል «ያየው ቢመለስ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለችኝና መልቀሟን ቀጠለች። ሜካፕ ሠሪው ወዳጄ ያንን ዓረፍተ ነገር ቢሰማ መጋዙን ይሸጥ ነበር።

እኔ በዚያ ፍርሃት ከቦዩ ራቅሁ። የጎረቤታችን ልጅ ግን ወርዶ አልተመለሰም። ከቀብሩ በኋላ እናቴ ስለ ጋኔኑ አንድም ቀን አላነሣችም። ቀትር ሲሆን በራፉ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ፀሐዩ እየመታት፣ ቦዩ ወዳለበት አቅጣጫ ዞራ ትቀመጥ ጀመር፤ እኛም እሷን አልፈን መሄድ አንችልም ነበር። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ያየኋትን ያንን ፊት ለማንም አላሳይም፣ ልሠራውም አልሞክርም። ቤቴ የሚሸጠው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው፤ ተረቱ ገና ተረት የነበረበትን ጊዜ። ልጆቹ እየጮኹ ወጥተው ፀሐዩ ላይ እርስ በርሳቸው ሲሳሳቁ፣ ላብና ኖራ ሲጠርጉ፣ «እንደገና!» ሲሉ፣ እኔ በዚያ ሰዓት የማገኘውን ነገር በትኬት ዋጋ መተመን አልችልም።

ገንዘቡ ማታ እንደሚበልጥ አምናለሁ። በቀትር የሚመጡልኝ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች፣ ምሳ ሰዓት ያላቸው የሱቅ ልጆች፣ አንዳንዴም ከሶደሬ የሚመለሱ ሙሽሮች ናቸው። ቤተሰብ ይዞ፣ ኪሱን ሞልቶ የሚመጣው ሰው በቀትር ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ ለመጪው ፋሲካ ከወዳጄ ጋር ተስማምተናል፦ ከ12 ሰዓት በኋላ መጋዘኑን እሱ ይከራየኛል፣ መጋዙንና ደሙን ይዞ ይገባል፣ ጠዋት አጥቦ ያስረክበኛል። እንስራዎቼን እንዳይነካ ውሉ ላይ ጽፌበታለሁ።