«አቃቂ» በስፔክትሮግራም፤ ስለ ጊዜና ስለ ድግግሞሽ ትንተና የቀረበ ሂስ

በድምፅ ጥናት ጽሑፎች ውስጥ «የመለየት ኃይልን አሻሻልን» የሚለው አባባል የተዘወተረ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሻሻለው ሥዕሉ እንጂ ዕውቀታችን አይደለም። ይኸንኑ በአንድ ቅርብ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ ሰው በድምፅ መቅረጫ ፊት ቆሞ «አቃቂ» ብሎ የሰፈሩን ስም ጠራ እንበል። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚመጣው «ቀ» የምላስ የኋላ ክፍልና ማንቁርት ባንድነት ተዘግተው የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ ከፍንዳታው በኋላም አናባቢው እስኪጀምር ድረስ አጭር ዝምታ ይገኛል። ይኸን ዝምታ ለመለካት የትንተናው መስኮት አጭር፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሊሆን ይገባል። ነገር ግን የአገራችን ኤሌክትሪክ በ50 ሄርዝ ስለሚሠራ የትራንስፎርመሩ ጉምጉምታ በ100 ሄርዝ ይሰማል። የተናጋሪው ድምፅ 110 ሄርዝ ቢሆን፣ ሁለቱን ለመለየት 100 ሚሊ ሰከንድ ያህል መስኮት ያስፈልጋል፤ የ5 ሚሊ ሰከንዱ መስኮት የሚለየው 200 ሄርዝ ያህል የተራራቁትን ብቻ ነውና። በረጅሙ መስኮት ደግሞ ፍንዳታው፣ ዝምታውና አናባቢው ይደበላለቃሉ። ዴኒስ ጋቦር በፈረንጆች 1946 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ አንዱ ሲጠብ ሌላው መስፋቱ የመሣሪያ ጉድለት ሳይሆን የነገሩ ባሕርይ ነው።

ለዚህ ችግር ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሦስቱን እንመልከት። አንደኛው፣ በመስኮቱ በተቆረጠው ድምፅ ጫፍ ላይ ዜሮዎችን መቀጠል ነው፤ ይህ የሥዕሉን ነጥቦች ያበዛል እንጂ አዲስ ነገር አይነግረንም። ሁለተኛው የዊግነርና የቪል ዘዴ ነው፤ ጥራቱ ያስደንቃል፤ ዳሩ ግን በሁለት ድምፆች መካከል የሌለ ሦስተኛ ስለሚሥል፣ ልንለካው የፈለግነውን ዝምታ በጥላ ይሞላብናል። ሦስተኛው፣ የተበተነውን ኃይል ወደ ማዕከሉ የሚመልሰው፣ ኦዤና ፍላንድራን በ1995 ያስፋፉት ዘዴ ነው። ይህ ለብቻው የቆመን ድምፅ መሥመር ያቀጥናል፤ መስኮቱ ያደባለቃቸውን ሁለት ድምፆች ግን ይለያል ብለን ልናምነው አይገባም።

ጉዳዩ የሥዕል ውበት ብቻ አይደለም። የአቃቂን ስም አማርኛ ተናጋሪም ኦሮምኛ ተናጋሪም ይጠራዋል፤ «ቀ»ም በሁለቱም ቋንቋ ፈንጂ ነው። አንድ ተማሪ የሁለቱን አጠራር ሲያነጻጽር አንዱን በአጭር፣ ሌላውን በረጅም መስኮት ቢለካ፣ የመስኮቱን ልዩነት የሰዎች ልዩነት አድርጎ ይጽፋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ስሕተቱን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የመስኮቱ ርዝመት ይጻፍ፤ ያው ድምፅ በአጭርም በረጅምም መስኮት ይቅረብ፤ አዲስ ዘዴም አስቀድሞ የዝምታው ልክ በታወቀ ሰው ሠራሽ ድምፅ ይፈተን። ይህ ሳይሟላ «አሻሻልን» ማለት ችኮላ መስሎ ይታየናል።