የሁለት ወገን ተቋማትን ቅልጥፍና ማነጻጸር፦ የአንድ ስሌት ብርታትና ጉድለት

የጤና ተቋማትን ቅልጥፍና በበርካታ መለኪያዎች ለማነጻጸር ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ስሌት መጀመሪያ የተፈተነው በሆስፒታል ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1978 አቀረቡ፤ በ1981 ደግሞ በአሜሪካ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች በተዘረጋው «ፎሎው ስሩ» የተሰኘ የትምህርት መርሐ ግብር የታቀፉ 49 ጣቢያዎችን ካልታቀፉ 21 ጣቢያዎች ጋር አነጻጸሩበት። ግብዓቶቹ አምስት ሲሆኑ የእናት የትምህርት ደረጃና የመምህራን ቁጥር ይገኙባቸዋል። ውጤቶቹ ንባብ፣ ሒሳብና ልጁ ለራሱ ያለው ግምት ናቸው።

የሥራው ብልህነት የአስተዳዳሪውን ድክመት ከመርሐ ግብሩ ድክመት መለየቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ መጀመሪያ ከገዛ ወገኑ ጋር ብቻ ይመዘናል፤ ወደ ኋላ የቀረው ከወገኑ ምርጦች ጋር በስሌት ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎችን አማካይ ነጥብ ብቻ አሰልፎ ፍርድ የሚሰጥ ጸሐፊ ይህን እርምጃ ዘሎታል።

ሆኖም ስሌቱ ለእያንዳንዱ ተቋም እጅግ የሚያደላለትን ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ አምሳያ ያጣ ተቋም፣ ደካማም ቢሆን፣ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ለ21 ጣቢያዎች ስምንት ተለዋዋጮች ብዙ ናቸው። አነስተኛው ወገን በራሱ ውስጥ ሲመዘን የአስተዳደሩ ድክመት ይሸፈናል፤ በኋላም ወገኖቹ ሲገናኙ ያው ድክመት የመርሐ ግብሩ ጥፋት መስሎ ይወጣል።

በሕክምና ላይ ሌላ ፈተና ይጨመራል፤ እርሱም የሕሙማን ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የወጣው የኩላሊት ጠጠር ጥናት ዛሬም ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 350 ሕሙማን 273፣ ማለትም 78 በመቶ፣ በቆዳ በኩል በሚገባ መሣሪያ ከታከሙት 350 ደግሞ 289፣ ማለትም 83 በመቶ፣ ውጤታማ ሆነዋል። ጠጠሮቹ በመጠን ሲለዩ ግን ቀዶ ሕክምናው በትንንሾቹ 93 ለ87፣ በትልልቆቹም 73 ለ69 በመቶ ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልልቅ ጠጠር የነበራቸው 263 ሕሙማን ወደ ቀዶ ሕክምና ሲሄዱ ወደ ሌላው የሄዱት 80 ብቻ ነበሩ።

ይህ ልዩነት በተለዋዋጭነት ካልገባ የክብደት ስሌት፣ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ሊያስተካክለው አይችልም። አልጋን፣ ሐኪምንና የተገላገሉ እናቶችን ቁጥር ብቻ በሚመዘግብ ሰንጠረዥ ላይ፣ ከጤና ጣቢያ ተልካ የመጣች ማሕፀኗ የተቀደደ እናትና ያለ ችግር የወለደች እናት እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ።