አቤት የሚያስብል ሄድፎን

አሮጌ ሄድፎን የምንሰበስብ ሰዎች የጋራ ውሸት አለን። «ዘፈኑን በዘመኑ ድምፅ ነው የምሰማው» እንላለን። እኔም ስል ኖሬአለሁ። መደርደሪያዬ ላይ አሥራ አንድ ሄድፎን አለ፤ ስድስቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት «አንድ ቀን እጠግናቸዋለሁ» የሚባሉት ናቸው። ዛሬ የማወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ሴንሃይዘር ኤችዲ 414 ይባላል። ጀርመን ውስጥ በ1968 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)፣ ከ10 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። ስታዩት የሚያስደነግጥ ውበት የለውም፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቅስትና ጆሮ ላይ የሚያርፍ ቢጫ ስፖንጅ፣ በቃ። ከእሱ በፊት የነበሩት፣ ለምሳሌ ጆን ኮስ በ1958 አሜሪካ ውስጥ ያወጣው የስቴሪዮ ሄድፎን፣ ጆሮን ግጥም አድርገው የሚዘጉ ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። 414 ግን ጀርባው ክፍት ነው። ሙዚቃው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የቤቱም ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል።

የእኔን የገዛሁት ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ከሚቆመው የቅዳሜ ገበያ ነው። 30 ዩሮ። የተጣደፍኩበት ምክንያት ነበረኝ፦ አብሬያቸው የምኖረው አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ በ1970ዎቹ ተማሪ ሆነው እዚህ ሲመጡ የነበራቸው ሄድፎን ይኸው ነው። እሳቸው ያኔ የሰሙትን መስማት ፈልጌ ነበር። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ።

ቤት ገብቼ ስነካው ስፖንጁ እጄ ላይ እንደ ድርቆሽ ፍርፋሪ ሆነ። የድሮ ስፖንጅ ዕጣ ፈንታው ይኼው ነው፤ ባትነኩትም ከዓመታት በኋላ ራሱን ይበላል። ያለ ስፖንጅ ሳዳምጠው ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበተን ይመስላል፣ ከታች ያለው ድምፅ ጭራሽ የለም። ወፍራም ስፖንጅ ገዝቼ አለበስኩት፤ ዘፋኙ ከጓዳ ሆኖ የሚዘፍን መሰለ። ሳሳ ያለ ሞከርኩ፤ ተሻለ። ታዲያ ከሦስቱ የ1968ቱ ድምፅ የቱ ነው? የመጀመሪያው ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው። ስፖንጁ ጆሮንና ድምፅ ማውጫውን ያራርቃል፣ ርቀቱም የምንሰማውን ይለውጣል። ስለዚህ አዲስ ስፖንጅ አልብሰን «የዘመኑ ድምፅ» ስንል የምናወራው ትናንት በፖስታ ስለመጣ ዕቃ ነው።

ሌላም አለ። ይኼ ሄድፎን 2000 ኦም ነው፤ ለስልክ ተብለው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ናቸው። ስልኬ ላይ ስሰካው እስከ ጥግ ከፍ አድርጌው እንኳ ሹክሹክታ ነው። በማጉያ ነው የሚሠራው።

ለፈተና የመረጥኩት ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የቀዳውን ካሴት ነው፤ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ያጣመረበትን፣ በ2013 እንደገና የታተመውን። 414 ለአኮርዲዮን የተሠራ ነው የሚመስለው። የአየሩ መግባትና መውጣት ሳይቀር ይሰማል፣ ዜማውም ራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት ካለ ወንበር የሚመጣ ይመስላል። የከበሮ ማሽኑ ግን ተጎድቷል፤ ምቱ በጣት ካርቶን እንደመምታት ነው። ቤዝ ለምትወዱ አልመክርም። አውቶቡስ ውስጥማ በፍጹም፤ እናንተም በደንብ አትሰሙም፣ ጎረቤታችሁም ያለ ፈቃዱ ይሰማል።

ታዲያ ምኑን ወደድከው ትሉኝ ይሆናል። ክፍትነቱን። እዚህ ላይ ነው እኛ ሰብሳቢዎች የምንሳሳተው። ስለ ክፍት ሄድፎን ስንጽፍ «ድምፁ ሰፊ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ሰው ሲጠራህ መስማት መቻልህን እንደ ጥራት የሚቆጥር ግምገማ እስካሁን አላነበብኩም። እኛ ቤት ግን ልጅ ሆነን የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር? ስትጠራ «አቤት» ማለት። አልሰማሁም ብሎ ነገር ሰበብ አይሆንም ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የውጭ ድምፅ በሚያጠፋው አዲሱ ሄድፎኔ ተዘግቼ ስሠራ ጋሼ ኩሽና ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል። አልሰማሁም። ራሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ተነስተው በሬ ላይ ሲቆሙ ነው ያየኋቸው፣ ያውም ጥላቸውን። «ሥራ ላይ ነህ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል። ሄድፎኑ የተባለውን አድርጓል፤ ዕቃው አልተበላሸም። እሱ ነው የከነከነኝ።

ይኼን ጭንቀት የድሮዎቹ ያውቁት ነበር። ሶኒ በ1979 ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የሄድፎን ቀዳዳ ነበረው፣ ሁለት ሰው እንዲያዳምጥ። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው፤ ስትጫነው ሙዚቃው ዝቅ ይልና በማይክራፎን አጠገብህ ያለውን ሰው ትሰማለህ። ከሶኒ መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ በግለ ታሪኩ እንደጻፈው፣ ዕቃውን ቤቱ ሲሞክር ሚስቱ በር እንደተዘጋባት ተሰምቷት ተናዳ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጆሮን ጥርቅም አድርገው ከዘጉ በኋላ የውጭውን ድምፅ በማይክራፎን መልሶ የሚያስገባ ቁልፍ ይጨምሩና እንደ አዲስ ነገር ይሸጡልናል። በሩን ግንብ አድርገህ መስኮት በሊዝ እንደማከራየት ነው። እርግጥ እኔም ገዝቻለሁ፤ ባቡር ውስጥ አወልቀዋለሁ ብዬም አልዋሽም።

ባለፈው እሑድ 414ን ለጋሼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ስፖንጁን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ይኼ አዲስ ነው» አሉ። «አዎ ጋሼ፣ የድሮው አልቆ ነው።» አኮርዲዮኑ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ራሱ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። ስፖንጁ አዲስ፣ ቅጂው አዲስ፣ የሰባ አንድ ዓመት ጆሮ ደግሞ ቀጫጭን ድምፆችን መስማት ካቆመ ቆይቷል። በየትኛው ሚዛን «ራሱ» እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ቡና ላፈላ ኩሽና ገባሁ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርገውታል። የ414 ጀርባ ደግሞ ክፍት ነው፤ አኮርዲዮኑ ኮሪደሩን አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ፣ ቀጭን፣ ቤዝ የሌለው። ጀበናውን ሳልጥድ ትንሽ ቆሜ ሰማሁ።