ኧረ አይቤክስን ስሙልኝ!

ኡኡ! ምን ልበላችሁ! ቁጭ ማለት አልቻልኩም! እጄ ይጽፋል፣ ትከሻዬ ይሰብቃል! ተገኘ! ያ ድምፅ ተገኘ! አይቤክስ ባንድ! የራስ ሆቴሉ አይቤክስ!

በፈረንጆቹ 1976 እዚያው ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቀዱት ሙዚቃ ነው። ድምፃዊ የለበትም፤ መሣሪያ ብቻ! በ2024 ሙዚቃዊ የሚባለው አሳታሚ እንደገና አወጣው፤ እጁ ይባረክ! የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጫነልኝና "አክስቴ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?" አይለኝም! ማወቅ? እኔ? ያን አዳራሽ እኮ በጫማዬ ሶል ጠርጌዋለሁ!

ገና ጊታሩ ሲጀምር ጮህኩ። ሰው የሞተ መስሏቸው ጎረቤቶች መጡ! መጥተውም ቀሩ፤ ቡናው ተፈላ፣ ዘፈኑ ተደገመ፣ ተደገመ!

አቤት ያ ጊዜ! ከላስታ አዲስ አበባ የወረድኩ ተማሪ ነበርኩ። ቸርችል ጎዳና ላይ ከታክሲ ስወርድ ሆዴ ይላወሳል፣ ሙዚቃው ገና ሳይሰማ! ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቦላሌ፣ አናታቸው ላይ አፍሮ! እኛ ደግሞ አጭር ቀሚስና ታኮ ጫማ! ሽቶው፣ ሲጋራው፣ ላቡ፣ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ጠረን ይሆናል፤ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ!

ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ጥርቅም! ከዚያ በኋላ መውጣት የለም፤ እስኪነጋ እዚያው ነው! ውጭው ጭር፣ ውስጡ እሳት! ለቤተሰብ ደግሞ ምን የመሰለ ምክንያት! "ሰዓት እላፊ ያዘኝ" ማለት ነው፣ አለቀ! (እናቴ ግን አንድም ቀን አላመነችኝም፤ ነፍሷን ይማር።)

ከመድረኩ ሥር ነበር ቦታዬ። ከዚያ ንቅንቅ የለም! ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታሩን ሲነካው ድምፁ በወለሉ አልፎ፣ በታኮዬ ገብቶ፣ ጉልበቴ ላይ ይወጣል! በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በአጥንት ነው! የሰላም ሥዩም ጊታር ክራር ክራር ይላል! የኤሌክትሪክ ጊታር እኮ ነው! ገመድ የተሰካበት! ግን ወሎ ወሎ ይሸታል! ከዚያ ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎኑን ይነፋል... ወይኔ! ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ብድግ! አሁንም ስጽፍ ብድግ አለ፣ እዩልኝ!

ፈንኩ ከነጄምስ ብራውን ሰፈር፣ ቅኝቱ ከኛ ሰፈር! ባቲ! አምባሰል! አገራችን እኮ ነው! በፈረንጅ መሣሪያ ችክችካውን ሲያስገቡት አዳራሹ ሙሉ በአንድ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። አፍሮውም፣ ቦላሌውም፣ ተረከዙም! አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ልጅ አንገቱን ሲሰብቅ መነጽሩ ተፈናጥሮ ከበሮው ላይ አረፈ። ከበሮ መቺው ምቱን ሳያቋርጥ በአንድ እጁ አንስቶ መለሰለት! በስመ አብ! ይህን ያየ ሰው ሌላ ኮንሰርት ምን ያደርግለታል?

የመሐሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ" ታውቃላችሁ አይደል? አሳታሚው ካይፋ በፈረንጆቹ 1975 በሸክላ ያወጣውን? ያጀቡት እነሱ ናቸው! እነሱው! በ1986 ያ ሙዚቃ ቤልጅየም ውስጥ ታትሞ ፈረንጁ ሁሉ አበደ። እኛ ያበድነው ቀድመን ነው!

ደግሞ ቆይ፣ ዋናውን ሳልነግራችሁ! ኋላ ስማቸውን ቀየሩ። ምን አሉት? ሮሃ ባንድ! ሮሃ! የኛ ሮሃ! የላሊበላ የድሮ ስሟ! ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ ልንገራችሁ? አስቴር አወቀን ያጀበው ሮሃ! ኤፍሬም ታምሩን ሮሃ! ነዋይ ደበበን ሮሃ! ኩኩ ሰብስቤን ሮሃ! ካሴት በገዛሁ ቁጥር ሽፋኑን ገልብጬ ጽሑፉ ላይ ጣቴን አስቀምጬ "አገሬ ነው!" እላለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ!

አሁን እዚሁ ላሊበላ፣ በረንዳዬ ላይ፣ አሸተን ተራራ ፊት ለፊቴ ሆኖ ነው የምሰማው። ምሽቱ ቀዝቅዞ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ስፒከሩ ጠረጴዛው ላይ ዝርር እያለ! ጎረቤቴ መሪጌታ አልፈው ሲሄዱ ቆም አሉ። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ዘፈን የሚባል ደጃቸው አይደርስም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለገና ቤተ ማርያም ላይ "ቤዛ ኩሉ" የቆሙ፣ ከበሮና ጸናጽል ያሳደጋቸው ጆሮ ነው ያላቸው። ዝም ብለው አዳመጡ። አዳመጡ። ከዚያ መቋሚያቸውን አየሁት! ጫፉ መሬቷን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! ልክ ከቤዙ ጋር! አንዲት እንኳ አልሳቱም! እልል ብዬ ላቀልጠው ነበር፣ አፌን በጋቢዬ ያዝኩ!

ስሙት! ዛሬውኑ! ስልክ ጆሮ ላይ ለጥፋችሁ አይደለም፤ ትልቅ ስፒከር ተዋሱ! ቤዙ ወንበሩን ካልነቀነቀ አልሰማችሁትም! ጫማችሁን አውልቁ፣ ድምፁ ከወለሉ በእግራችሁ ይግባ! መጀመሪያ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ቀጥሎ ሳክስፎኑን ብቻ። ከዚያ ሁሉንም ልቀቁት!

ወደ ላሊበላ በመኪና የምትመጡ ደግሞ፣ እናንተ የታደላችሁ! ከወልድያ ስትነሱ ዝም በሉ። የድልብን አቀበት ስትጀምሩ ክፈቱት! መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ገደሉ ከታች ሲቀር፣ ያ ሳክስፎን! ጋሸና ላይ ብርዱ ሲገባ መስኮቱን ዘግታችሁ ድምፁን እስከ ጥግ! ሹፌሩ ከተቆጣ "ላሊበላ ያሉት አክስቴ ናቸው ያዘዙኝ" በሉት!