በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ስለ ቤት ሰርሳሪ የተጻፈው ሕግ ሐተታ

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ስለ ሌባ በአንድ ስፍራ ሁለት ነገር አዘዘ፤ በጨለማ ቤት ሲሰረስር ተመትቶ የሞተውን ደም በባለቤቱ ላይ አላኖረም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተገደለውን ደም ግን በገዳዩ ላይ አኖረ። ፊተኛውን ይዘው ኋለኛውን የሚተዉ፥ ቤቱን የጠበቀ ሁሉ ደም የለበትም የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ይህ ትርጓሜ ጐደሎ ነው። ምነው ቢሉ፥ በሌሊት የመጣው ለበሬ ይምጣ ለነፍስ አይታወቅም፤ ደራሽ የለም፥ ምስክርም የለም። በቀን ግን ሌባው ይታወቃል፥ ተይዞ ወደ ዳኛ ይቀርባል። አንድም ፀሐይ የተባለ ዕውቀት ነው፤ የመጣበትን ሰውና ፈቃዱን ለይቶ ካወቀ በኋላ የሚገድል፥ እጁ የበቀል እጅ ነው። ሌባው የሚከፍለው ቢያጣ ይሸጥ መባሉም ሕይወቱ ለፍርድ እንድትቀር ነው።

በቤኒሻንጉል ምድር ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ፈጽሞ ሳይከለከል በፊት በአሶሳ ዙሪያ ፈንጋይ የሚሰርቀው ከብት ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን ራሱን ነበረ፤ ሰውን የሰረቀ ደግሞ በምዕራፍ 21 ሞት ተፈርዶበታል።

በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፥ በቡለን ወረዳ፥ በበኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ጎሕ ሳይቀድ በተኛው ሕዝብ ላይ ደርሰው ቤት አቃጠሉ፤ ከመቶ የሚበልጥ ሰው መሞቱን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። በዚያች ሌሊት ስለ ልጆቹ በደጁ ቆሞ የመታ ቢኖር ሙሴ አይከሰውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78፥ ጥቃቱ ከሕግ ውጭና የደረሰ ሆኖ፥ ሌላ ማምለጫ ሲታጣ፥ በመጠን የተከላከለውን ነጻ ያደርገዋል። በአንቀጽ 79 ከመጠን ላለፈው ቅጣት ያቀልለታል፤ ያሳለፈው ፍርሃትና ድንጋጤ ከሆነም ዳኛው ቅጣቱን ሊተውለት ይችላል። (ሙሴ ስለ ፍርሃት አልጻፈም፤ በዚህስ የኋላው ሕግ ይራራል።) በማግሥቱ የገዳዩን ነገድ ቆጥሮ ወደማይበድለው ጎረቤቱ ቤት የሚሄድ ግን ፀሐይ ወጥታበታለች።

ፀሐይ ወጥታ ዳኛ ባይገኝሳ ቢሉ፥ ጭንቁ ይህ ነው፤ የሌሊቱን ሕግ በቀን ለመጠቀም ግን ፈቃድ አይሆንም። ዕዳው ወደ ሹም ይዞራል። ስለዚህ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ፥ ሽማግሎችና ዳኞች ወጥተው እስከ ከተሞቹ ድረስ እንዲለኩ፥ የቀረበችው ከተማ ሽማግሎችም ስለዚያ ደም በጊደሪቱ ላይ እጃቸውን እንዲታጠቡ ታዘዘ።